ዛንዚባርን ለመጎብኘት ለሚያስቡ፦ ስለ ስቶን ታውን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ዛንዚባር የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከነጩ አሸዋ ነው። እኔም ሁልጊዜ ወደ ወደቡ እመልሰዋለሁ። አሸዋ በደሴቲቱ ዙሪያ ሞልቷል፤ እንደ ስቶን ታውን ያለች ከተማ ግን አንዲት ብቻ ናት። ከዚህ በታች የሰፈሩት ወዳጅ ዘመድ ደጋግሞ የሚያቀርብልኝ ጥያቄዎችና ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ካየሁት በመነሳት የምሰጣቸው መልሶች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው፤ ወራቱን ግን በእኛ ስም ጠርቻቸዋለሁ።

ስቶን ታውንና ዛንዚባር አንድ ናቸው?

አይደሉም። ዛንዚባር የደሴቶች ስብስብ ናት። ትልቋ ደሴት ኡንጉጃ ስትባል ቀጥላ የምትመጣው ፔምባ ናት። ስቶን ታውን በኡንጉጃ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለችው የዛንዚባር ከተማ አሮጌ ክፍል ናት፤ ነዋሪዎቿ ምጂ ምኮንግዌ ይሏታል፣ «አሮጌዋ ከተማ» ማለት ነው። ስፋቷ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

ስንት ቀን ይበቃኛል?

ብዙ ሰው ወደ ባሕር ዳርቻው ከመሻገሩ በፊት አንድ ሌሊት አድሮባት ያልፋል። በእኔ እይታ ይህ ቤት ሄዶ ከበራፍ እንደ መመለስ ነው። ቢያንስ ሁለት ሌሊትና ሦስት ቀን ይስጧት። አንዱን ጠዋት ለባሪያ ንግድ መታሰቢያውና ለካቴድራሉ፣ ሌላውን ያለ ምንም እቅድ በእግር ለመዞር፣ ከሰዓቱን ለገበያውና ለአንዲት አጭር የጀልባ ጉዞ ያውሉት። ቀትር ላይ ግን እንደ ነዋሪው ጥላ ይፈልጉ።

መቼ ልሂድ?

ይህች ከተማ የተወለደችው ከነፋስ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ገደማ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ የተባለው ነፋስ ከዓረቢያና ከሕንድ የሚመጡትን ባለ ሸራ ጀልባዎች ወደ ደቡብ ይነዳቸው ነበር። ከሚያዝያ በኋላ ኩሲ የተባለው የደቡብ ነፋስ ሲነሳ ዝሆን ጥርስ፣ ቅርንፉድና ሰው ጭነው ይመለሳሉ። ነጋዴው ነፋሱ እስኪዞር ወራት መጠበቅ ነበረበት። ሲጠብቅ ቤት ሠራ፣ አገባ፣ ወለደ። የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ ሳይቀር በ1840 አካባቢ መንበሩን ከሙስካት አንስቶ እዚህ ተከለ።

ዛሬም ነፋሱ ዝናቡን ይዞ ስለሚዞር የጉዞዎን ወር እሱው ይወስንልዎታል። ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ ነው፤ በዚህ ወቅት አንዳንድ ሆቴሎች ጨርሰው ይዘጋሉ። ቀለል ያለው በኅዳርና በታኅሣሥ ይመጣል። ምርጡ ጊዜ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ነው። እኛ ጃንጥላ በምንዘረጋበት፣ ጭቃ በምንረግጥበት በሐምሌና በነሐሴ ዛንዚባር ደረቅና ነፋሻ ናት። ለአዲስ አበባ ሰው ከዚህ የተሻለ የክረምት መሸሻ ያለ አይመስለኝም። ጥርና የካቲትም ደረቅ ናቸው፣ ሙቀቱ ግን ይከብዳል፤ ከደጋ የሄደ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሸሚዙን ሦስት ጊዜ ይቀይራል።

ረመዳን የሚውልበትንም አስቀድመው ይዩ። በጾሙ ቀናት ብዙ ምግብ ቤቶች እስከ ማታ ይዘጋሉ፣ በአደባባይ መብላትና መጠጣትም ነውር ነው። የማፍጠሪያው ሰዓት ድባብ ግን ለብቻው ጉዞ የሚያስመኝ ነው።

እንዴት እደርሳለሁ? ምን ወረቀት ያስፈልገኛል?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ይበራል። አውሮፕላን ማረፊያው ከስቶን ታውን በመኪና ሩቅ አይደለም። በዳሬሰላም በኩል ከመጡ ፈጣኑ መርከብ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ቲኬቱን ከመርከብ ድርጅቱ መስኮት ይቁረጡ፤ ደጅ ቆሞ «እኔ ልቁረጥልዎ» የሚል ሰው ከሚሸጥዎ አይግዙ።

የቪዛው ነገር እንደ ፓስፖርትዎ ይለያያል። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ 100 ዶላር ይከፍላል፣ የአብዛኛው የአውሮፓ አገር ዜጋ ለአንድ ጊዜ መግቢያ 50 ዶላር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዙ «ስደርስ እጨርሳለሁ» አይበሉ። ታንዛኒያ ለአንዳንድ አገሮች ዜጎች አስቀድሞ መፈቀድ ያለበት ቪዛ ስለምትሰጥ በኢንተርኔት አመልክተው መልሱ እጅዎ ሲገባ ቲኬት ይግዙ።

ሁለት ነገሮች ብዙ ሰው ያዘናጋሉ። አንደኛው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው፤ ከኢትዮጵያ ለሚነሳ መንገደኛ ግዴታ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ መጥተው ኢትዮጵያ ዘመድ ጋ ጥቂት ቀን ሰንብተው የሚቀጥሉም ያው ናቸው። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ሁለተኛው ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የውጭ ጎብኚ ሁሉ እንዲገዛ ያስገደደችው ኢንሹራንስ ነው፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ተተምኖ ነው የተጀመረው። የራስዎ የጉዞ ኢንሹራንስ ቢኖርዎትም ከዚህ አያድንዎትም። ወባም አለ፤ ከመሄድዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

እውነት የሰዓት አቆጣጠራቸው እንደ እኛ ነው?

እውነት ነው፤ ለእኛ ከጉዞው ደስታዎች አንዱ ይህ ነው። በስዋሂሊ ቀኑ የሚቆጠረው ከንጋት ነው፤ «ሳአ ሞጃ አሱቡሂ» ማለት ቁርጥ የእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ፈረንጁ ጣቱን እየቆጠረ ሲደናገር እኛ ሰዓታችንን ሳንነካ እንኖራለን።

እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ኩራት ነው። አንድ ሾፌር በእንግሊዝኛ «ነገ በስምንት እመጣለሁ» አለኝ። እኔም «እንደ እኛው ነው የሚቆጥሩት» ብዬ ስምንት ሰዓት ማለት ከቀትር በኋላ ነው ብዬ ተኛሁ። ሰውዬው ለእንግዳ አስቦ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሶልኝ ኖሯል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ጥሩንባውን ሲያንባርቅ ገና ከአልጋ አልወረድኩም። ስለዚህ ሲቀጣጠሩ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብለው ያስረግጡ። የመርከብና የአውሮፕላን ቲኬት የሚጻፈው ደግሞ ሁልጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ነው።

ጎዳናዎቹ ያጠፋሉ ይባላል። አስጎብኚ ልቅጠር?

ያጠፋሉ። መጥፋት ግን አያስፈራም፤ ከተማዋ ወደ ባሕር የገባች ትንሽ ጠብታ መሬት ስለሆነች ቀጥ ብለው ከሄዱ አንድም ባሕሩ ጋ ይወጣሉ፣ አንድም በምሥራቅ በኩል ወደሚያልፈው ሰፊ መንገድና ወደ ዳራጃኒ ገበያ። ጠባቦቹ መተላለፊያዎች መኪና አያስገቡም፤ ሞተር ብስክሌት ግን ከኋላዎ ድንገት ይመጣል።

ለመጀመሪያው ጠዋት ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ሆቴልዎ ቢያገናኝዎት ጥሩ ነው። በራሳቸው ጊዜ እየተከተሉ «ላሳይዎት» የሚሉትን ነዋሪው ራሱ ፓፓሲ ይላቸዋል፤ መዥገር ማለት ነው! ስድብ ሳይጨምሩ «ሃፓና፣ አሳንቴ» (አይ፣ አመሰግናለሁ) ብለው መንገድዎን ይቀጥሉ። ቆመው ምክንያት መደርደር ከጀመሩ ግን ቀኑ አለቀ።

ስለ በሮቹ ብዙ ይወራል። ምን ልይ?

ቆም ብለው ይዩዋቸው። ድሮ እዚህ ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ በሩን ያቆም ነበር ይባላል፤ ክብሩ እሱ ላይ ነበርና። የዓረብ በር አናቱ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ሆኖ ብዙ ጊዜ የቁርዓን ጥቅስ ይቀረጽበታል። ሕንዶቹ ያመጡት ደግሞ ከላይ እንደ ቅስት የጎበጠ ነው። ከጉበኑ ግርጌ የውኃ ሞገድ፣ ዓሣ፣ የተምር ዛፍ፣ በጠርዙ ዙሪያ ሰንሰለት ተፈልፍሎ ያያሉ።

ከእንጨቱ ላይ የወጡት ሾጣጣ የናስ ጉብታዎች ከሕንድ የመጡ ልማድ ናቸው፤ እዚያ የጦር ዝሆን በር በግንባሩ ገፍቶ እንዳይሰብር ይተከሉ ነበር። ዛንዚባር ዝሆን አልነበረባትም። ጌጥ ብቻ ሆነው ቀሩ። አንዱን በቀትር ነካሁት፣ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ከሥሩ ያለው እንጨት ግን በዚያው ሰዓት ቀዝቃዛ ነበር።

ከበሩ ግራና ቀኝ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተገነባ የድንጋይ መደብ አለ፤ ባራዛ ይሉታል። ቤቱ ውስጥ የማይገባ እንግዳ የሚስተናገደው፣ ሽማግሌ የሚጫወተው፣ ዝናብ ሲጥል ልጆች የሚራመዱበትም እሱ ነው። ማታ የናስ ጀበና የያዘ ቡና ሻጭ መደቡ አጠገብ ይቆማል። ቡናው በእጀታ የለሽ ትንንሽ ስኒ፣ ያለ ወተት፣ ከኦቾሎኒና ከስኳር ከተሠራ ካሻታ ጋር ይቀርባል። አቦል ቶና ባይኖረውም ወሬው ግን የእኛ ነው፤ ፖለቲካና እግር ኳስ።

የባሪያ ገበያው የነበረበት ቦታ ልጆች ይዤ ልሄድ እችላለሁ?

ከ10 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ አዎ፣ አስቀድመው አስረድተውት። ይህን ቦታ ሳያዩ ከተማዋን አየሁ ማለት አይቻልም። የቅርንፉዱ እርሻ፣ የዝሆን ጥርሱ ሸክም፣ እነዚያ ያማሩ በሮችም ሳይቀሩ የቆሙት ከማላዊ፣ ከኮንጎና ከታንጋኒካ መሀል አገር በእግር ተነድተው በመጡ ሰዎች ጉልበት ነው።

ገበያው የተዘጋው በ1873 ሲሆን ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት ውሉን ፈረሙ። ባርነት ራሱ በሕግ የተሻረው ግን ገና በ1897 ነው። ገበያው በነበረበት ቦታ ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ተሠራ። መሠዊያው ፊት በወለሉ ላይ ያለው የእብነ በረድ ክብ ሰዎች የሚገረፉበት ግንድ ቆሞበት የነበረውን ሥፍራ ያመለክታል ይላሉ። በቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ አካባቢ ያሉትን አምዶች ልብ ብለው ይዩ፤ ተገልብጠው ነው የቆሙት። ጳጳሱ ባልነበሩበት ሠራተኞቹ እንዳሻቸው አቆሟቸው፣ እንደዚያው ቀሩ።

ግቢው ውስጥ አምስት የድንጋይ ሰዎች ጉድጓድ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ቆመው ያያሉ። የስዊድናዊት ቀራፂ የክላራ ሶርናስ ሥራ ነው፤ በ1998 ነው የቆመው። አንገታቸው ላይ ያለው ሰንሰለት የዘመኑ እውነተኛ ሰንሰለት ነው። አጠገቡ ባለው ቤት ሥር ያሉትን ሁለት ጠባብ ጓዳዎች አስጎብኚዎች የባሪያ ማጎሪያ ነበሩ ይላሉ፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን በዚህ ላይ ይከራከራሉ። በሩ እንደተከፈተ ወደ ጓዳዎቹ ከመውረድ ይልቅ ኤግዚቢሽኑን ያንብቡ፣ በደንብ የተሠራ ነው።

እኛንም የሚነካ ክር አለው። ከሱልጣን ሰዒድ ልጆች አንዷ የሆኑት ልዕልት ሳልሜ በጻፉት ማስታወሻ በቤተ መንግሥቱ ከነበሩት ቁባቶች መካከል ሐበሾች እንደነበሩ ይተርካሉ። በቀይ ባሕር በኩል የተሻገሩት እነማን ነበሩ፣ ከየት መንደር ነበሩ፣ የሚለውን ቤተ መንግሥቱ ደጅ ቆሜ ሳስብ ቆየሁ።

«የድንቆች ቤት» ክፍት ነው?

ቤይት አል አጃይብ በ1883 በሱልጣን ባርጋሽ የተሠራ ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያይ ግዙፍ ሕንፃ ነው። በዛንዚባር መጀመሪያ የኤሌክትሪክ መብራት የገባለት እሱ ነው፣ ስሙም ከዚያው መጣ። በ2020 በፈረንጆቹ የገና ዕለት ከፊሉ ተደረመሰ። ስለዚህ ውስጡን አያለሁ ብለው እቅድ አይያዙ፤ ከፎሮድሃኒ መናፈሻ ሆነው ከውጭ ይዩት። የአሮጌው ከተማ ቤቶች በኮራል ድንጋይና በኖራ የተሠሩ ስለሆኑ ጣራ አንዴ ካፈሰሰ ግድግዳው ይሟሟል። ሱልጣኑን ከገለበጠው የጥር 1964 አብዮት በኋላ ባለቤቶቻቸው የተሰደዱባቸው ቤቶች ዕጣ ይኸው ነበር።

እዚያው ባሕሩ ዳር ቆመው አንድ ነገር ያስታውሱ። በነሐሴ 1896፣ ማለትም ከአድዋ ድል 6 ወር ገደማ በኋላ፣ የእንግሊዝ መርከቦች ይህን ሠፈር ደበደቡት። ኻሊድ ቢን ባርጋሽ ያለ እንግሊዝ ፈቃድ ዙፋን ላይ ወጥተው ነበር። ጦርነቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አልፎ ተጀምሮ በ40 ደቂቃ ገደማ አለቀ፤ በዓለም አጭሩ ጦርነት ይባላል። በቤተ መንግሥቱ በኩል የሞተውና የቆሰለው ግን 500 ሰው ያህል ነው። አስጎብኚዎች እንደ ቀልድ ሲያወሩት አልወድም።

ከድንቆች ቤት ጎን ያለው የድንጋይ ምሽግ ኦማኖች ፖርቱጋሎችን ካባረሩ በኋላ የሠሩት ነው፣ መግባት ይቻላል።

የፍሬዲ ሜርኩሪ ቤትስ?

የእንግሊዙ ኩዊን ባንድ ዘፋኝ በ1946 የተወለደው እዚህ ነው፤ ትንሽ ሙዚየም በ2019 ተከፍቶለታል። ለአድናቂው።

ምን ልብላ? ጾመኛ ነኝ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ፎሮድሃኒ መናፈሻ ይውረዱ። ጎረምሶች ከባሕሩ ግንብ ላይ እየተገለባበጡ ውኃው ውስጥ ሲዘሉ ያያሉ፤ ከኋላቸው ምግብ ሻጮች ፋኖሳቸውን ያበራሉ። «የዛንዚባር ፒዛ» የሚሉት ከጣሊያን ጋር ዝምድና የለውም። ሊጡ እንደ ወረቀት ሳስቶ ይዘረጋል፣ ሥጋ፣ ሽንኩርትና እንቁላል ይገባበታል፣ ታጥፎ በዘይት ይጠበሳል፤ ፈጢራ የለመደ ሰው አይደነቅም። ሳምቡሳውን ሳምቡሳ ብለው ይጠይቁ፣ በስዋሂሊም ስሙ ያው ነው። የሸንኮራ አገዳ ጭማቂው ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር ይጨመቃል። የእያንዳንዱን ዋጋ ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ። ዓሣ ከሆነ ሰው ከተሰለፈበት ይግዙ፤ ከጠረጴዛው ላይ የተደረደረው ሁሉ የዛሬ አይደለም።

ለጾመኛ ከተማዋ ቸር ናት። በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ መሰል ቦሎቄና ሩዝ፣ ካሳቫ፣ ቻፓቲ በየቦታው አለ። ኡሮጆ የተባለውን ሾርባ አይለፉት፤ ማንጎና ሎሚ ያኮመጠጠው ቢጫ መረቅ ውስጥ ድንችና የሽንብራ ባጂያ ይገባበታል። «ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል» ብለው ያዝዙ። ከጥብሱ መካከል ፕዌዛ የሚባለው ኦክቶፐስ ስለሆነ እንደ አባቶቻችን ሥርዓት የማይበላ ከሆነ ሳያውቁ እንዳያነሱት። ሙስሊም አንባቢዎች የሚጨነቁበት ነገር የለም፤ ሁሉም ሐላል ነው፣ መስጊድም በየማዕዘኑ አለ። አልኮል የሚገኘው በሆቴሎችና በአንዳንድ ምግብ ቤቶች ነው።

እንዴት ልልበስ? እንዴት ሰላምታ ልስጥ?

ከተማው ውስጥ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ የዋና ልብስ ለባሕሩ ነው። ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሱ። በዕድሜ የሚበልጥዎትን ሰው «ሺካሞ» ይበሉ፣ «ማራሃባ» ብሎ ይመልስልዎታል። ትርጉሙ «እግርዎን ይዣለሁ» እንደ ማለት ነው፤ ለአባት ጉልበት መሳም የለመደ ሰው ወዲያው ይገባዋል። አንድ አሮጊት ይህን ሰላምታ ስሰጣቸው እጄን ይዘው እስከ መንገዱ ጫፍ ሸኙኝ፣ መንገዱም ጠፍቶብኝ ነበር።

ወላጆቼን ይዤ ብሄድ ይመቻቸዋል?

የአሮጌ ቤት ሆቴሎች ደረጃ ቀጥ ያለና ከፍ ከፍ ያለ ነው፣ ብዙዎቹ ሊፍት የላቸውም፤ ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ክፍል ይጠይቁ። ታክሲው ከመተላለፊያው አፍ ስለሚያወርድዎት ሻንጣው በእጅ ይገፋል። መኪና የሚነዳው በግራ ነው፤ መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እንዲያዩ ለእናትዎ ደጋግመው ይንገሯቸው። ሶኬቱ ባለ ሦስት ጥርስ የእንግሊዝ ዓይነት ነው።

ከከተማዋ ውጭ ምን ልጨምር?

ቻንጉ ደሴት በጀልባ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። «የእስር ቤት ደሴት» ይሏታል እንጂ በ1890ዎቹ ለእስር ቤትነት የተሠራው ሕንፃ እስረኛ አልታሰረበትም፤ የበሽተኞች ማቆያ ሆኖ ነው ያገለገለው። ዛሬ የደሴቲቱ ባለቤቶች በ1919 ከሲሸልስ ከመጡ ኤሊዎች የተዋለዱት ግዙፎቹ ኤሊዎች ናቸው። በጆዛኒ ደን ቀይ ኮሎበስ የተባሉትን ጦጣዎች ያያሉ። የባሕር ዳርቻ ሲመርጡ ይህን ይወቁ፦ በምሥራቅ በኩል ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እጅግ ርቆ ይሸሻል፤ ለመዋኘት ከሆነ በሰሜን ያለው ኑንግዊ ይሻላል።

ምን ይዤ ልመለስ?

ቅመም። ወደ እርሻዎቹ የግማሽ ቀን ጉብኝት አለ፤ አስጎብኚው ቅጠል እየቀጠፈ «ምንድን ነው?» ሲል ፈረንጆቹ ሲገምቱ፣ የእናቷን መከለሻ ስትወቅጥ ያደገች ሴት ግን ገና ሳይጨርስ ትመልስለታለች። ሄል፣ እርድ፣ ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ገውዝ። ቅርንፉድን ካራፉ ይሉታል፤ ሁለቱም ስሞች ከዓረብኛው የወጡ ናቸው። የለቀማው ወቅት ከሆነ መንገድ ዳር ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ያገኙታል፣ ሽታው ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። ከዳራጃኒ ገበያ ይግዙ፣ ለቱሪስት በተሸበሸበ ከረጢት ከታሸገው ይልቅ በሚዛን የሚሸጠውን ይምረጡ። የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊትና ኮራል አይግዙ። ዕቃ መያዣ ጨርቅ ከቤትዎ ይውሰዱ፤ ፌስታል ከ2019 ጀምሮ በታንዛኒያ ክልክል ስለሆነ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያስጥሉዎታል።